ከአማቴ ጋር ፎርኬላ ፍለጋ፦ ከዳንግላ እስከ ጥርባ

ዳንግላ፣ ገና ሲነጋጋ

ጆንያ በብብቴ ይዤ መኪና መቆሚያው ላይ ስደርስ አማቴ ቀድመውኝ ቆመዋል። በርኖሳቸውን ደርበዋል፣ ጭራቸውን ይዘዋል፣ ፊታቸው ለችሎት የተጠራ ዳኛ መስሏል። በጆንያው ውስጥ ያለው የተሰበረ የብስክሌት ፎርኬላ ነው። ፎርኬላ ማለት የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ አቅፎ የሚይዘው ባለ ሁለት እግር ብረት መሆኑን ለማያውቀው አንባቢ ልንገር። ለሚያውቀው ደግሞ ሲሰበር ምን እንደሚያደርግ መንገር አያስፈልገኝም።

እኔ የዳንግላ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቤቴ ግን ከከተማው ራቅ ብሎ በአማቴ፣ በባለቤቴ አባት፣ ርስት ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት የሰባት ዓመቷን ልጄን ጥሩዬን ከፊቴ ባለው አግዳሚ ብረት ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ አንጥፌ አስቀምጥና ትምህርት ቤት አድርሻት ወደ ስፌት መኪናዬ እሄዳለሁ። ባለፈው ወር አንድ ማለዳ፣ ወደ ወንዙ የሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ፎርኬላው ቀጭ አለና ከትከሻው ተገነጠለ። የእኔ ክርን ተላጠ፣ የጥሩዬ አገጭ ተተረተረ። የጤና ጣቢያው ቁስል አሻጊ ድሬሰር ሲሰፋላት አጠገቡ ቆሜ እያየሁ፣ ክር አጠባበቁ ከእኔ እንደሚሻል ሳልመሰክርለት አላለፍኩም።

ቁስሉ ዳነ፣ ትምህርቱ ግን ቆመ። በእግር እንዳትመላለስ መንገዱ ለሕፃን ጉልበት አይሆንም። በፈረስ እንዳትሄድ የአማቴ ፈረስ ከሞተ ሁለተኛ ክረምቱ ነው፣ ሌላም አልገዛም ብለዋል። ብስክሌቱን አድሳለሁ ስል ደግሞ አማቴ ጭራቸውን አንስተው ፈረዱ።

"ይህ ብረት ልጄን ጥሏታል። ዳግመኛ አትወጣበትም።"

ባለቤቴ ለመነች፣ እኔ ለመንኩ፣ ጎረቤት ለመነ። በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦ "እሽ። ሌላ እግር ይገዛለት። ነገር ግን እኔ በዓይኔ አይቼ ካልወደድኩት ልጅቷ ከቤት ትቀመጥ።" እንግዲህ የጥሩዬ ትምህርት የተንጠለጠለው በአማቴ ምርጫ ላይ ነው። አማቴ ደግሞ በዕድሜያቸው የሚያውቁት ፈረስ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ በፈረስ ስማቸው አባ ገስግስ ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው ልጥራቸው።

ጥርባ ላይ ፎርኬላ የሚሸጥ ሰው እንዳለ የነገረኝ ይኸው የሚያሳፍረን ሾፌር ነው። ሽማግሌ አይቶ "አባባ፣ ጋቢና ይግቡ እንጂ" አላቸው።

"ጋቢና የገባ ሰው አገር አያይም" አሉና ከጭነት መኪናው ኋላ የተቆለለው የኑግ ከረጢት ላይ እንደ ጎረምሳ ተንጠላጥለው ወጡ። እኔም ጆንያዬን አቅፌ ተከተልኩ። ለሰው አንድ ብር ከስሙኒ ከፈልን፣ ጆንያው በነፃ ሄደ።

አዲስ ቅዳም፣ ረፋድ

መንገዱ ኮረኮንች ነው። መኪናው በየጉድጓዱ ሲዘል ከረጢቱ ከሥራችን ይሸሻል። ግራና ቀኝ ገብስ፣ ባቄላ፣ በግ፣ እንደገና ገብስ። አንድ ቄስ በበቅሎ እየሄዱ ከኋላ ቀርተው ነበር፣ ሾፌሩ ጎማ ለማየት ሲቆም ቀደሙን። ጉዞ ስንጀምር እንደገና ቀደምናቸው። እንዲህ እየተቀዳደምን አዲስ ቅዳም አብረን ገባን።

ቀኑ ቅዳሜ ነው፣ ገበያውም ሞልቷል። ድንች በቁና፣ ማር በቅል፣ የቀርቀሃ ቅርጫት በሰው ራስ ላይ ተቆልሎ። ሾፌሩ ጭነት እስኪጨምር አባ ገስግስ በቀጥታ ያመሩት ወደ ፈረስ ተራ ነው። ሊገዙ አይደለም፣ ሊያስተምሩኝ ነው። አንዱን ዳለቻ ፈረስ ከሩቅ አሳዩኝ።

"ስማ ልጄ። ፈረስ ልትገዛ ስትሄድ 'ያምራል' የሚል ቃል ከአፍህ አይውጣ። ካመለጠህ ዋጋው ያንተ አይደለም፣ የሻጩ ነው።"

"እሽ።"

"ፊቱን አትይ፣ ፊቱማ ለሙሽራ ነው። ከኋላ ዙርና እግሩን እይ።"

"እሽ አባባ።"

"ሦስተኛው ደግሞ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እጅ መትተህ ዋጋ ሳትቆርጥ ከሻጩ ቤት እህል እንዳትቀምስ። ከበላህ በኋላ እንከን ማውጣት ነውር ነው። የበላበትን ወጪት ሰባሪ ትባላለህ። በእኛ አገር እንጀራ ቆርሶ አፉ የተዘጋና አንካሳ ፈረስ እየጎተተ ቤቱ የገባ ሰው ብዙ ነው።"

እኔም የራሴን ሙያ አወራኋቸው። ልብስ ሰፊ ከመሆኔ በፊት አሥመራ ውስጥ ብስክሌት ቤት ሠርቼ አውቃለሁ። ያገለገለ ፎርኬላ ሲያዩ አዲስ ቀለም ካለው ደስ አይበልዎ፣ ምን ሊሸፍን ተቀባ ብለው ይጠይቁ አልኳቸው። ከእግሮቹ ኋላ ቀለሙ ተሸብሽቦ እንደሆነ ከፊት ተጋጭቷል፣ ወደ ኋላም ታጥፏል ማለት ነው። አንገቱ ላይ ያለው የቡሎን ጥርስ ካለቀ መሪው ይወዛወዛል። ከሁሉም የሚያስፈራው ግን ትከሻው ነው፣ ሁለቱ እግሮች ከአንገቱ ጋር የሚገናኙበት። የእኔም የተሰበረው ከዚያው ነው።

አባ ገስግስ ከልብ አዳመጡኝ። "ትከሻ አለው፣ አንገት አለው፣ እግር አለው ካልክ" አሉ በመጨረሻ፣ "ታዲያ ምን አደከመህ? ፈረስ ነው በለኛ።"

ኮሶበር፣ እኩለ ቀን

እንጅባራን የአገሩ ሰው ኮሶበር ይላታል። ስንገባ ጉሙ ገና አልተነሣም ነበር። ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ እንኳ ለመውጣት የምታመነታበት አገር ነው። የቀርቀሃ አጥር፣ የቀርቀሃ ወንበር፣ የቀርቀሃ አልጋ፣ በየበሩ በርኖስ የለበሰ ሰው። አንድ ሻይ ቤት ገብቼ ጣቴን ብርጭቆው ላይ አሞቅኩ። አባ ገስግስ ግን "እኔ ቆላ አልተወለድኩም" ብለው ውጭ ቆሙ፣ አፍንጫቸው ግን ቀልቷል።

የሾፌሩ ጭነት ከዚህ ወዲያ ወደ አዘና ከተማ ነው፣ እኛ ደግሞ በእግር ወደ ጥርባ። መንገዱ በግጦሽ መሬት መካከል ይሄድና ወደ ዘንገና ሐይቅ ይጠጋል። ሐይቁን ድንገት ነው የምታየው። ትሄዳለህ፣ ትሄዳለህ፣ ከዚያ መሬቱ ከእግርህ ሥር ክብ ሆኖ ይጎደጉድና ታች ጥቁር ሰማያዊ ውኃ ጫካ ለብሶ ተኝቷል። ቆምኩና አየሁ። አባ ገስግስም ቆሙ፣ ሲያዩ የነበረው ግን ማዶ የሚግጠውን ግልገል ፈረስ ነው።

ጥርባ፣ ከሰዓት በኋላ

የሻጩ ስም አቶ ደሴ ነው። ድሮ የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ነበር፣ አሁን ድንች ያርሳል። ከአጥሩ በር ወጥቶ ተቀበለን። አባ ገስግስ በአገውኛ ሰላምታ ጀመሩ፣ ሰላምታውም ረዘመ። እኔ የቢቸና ልጅ ነኝ፣ አገውኛ ከአማቾቼ ጋር ስኖር እንኳ ከ"ደህና ዋላችሁ" አላለፈልኝም። የከብቱን፣ የዝናቡን፣ የሟቹን ሁሉ ተጠያይቀው እስኪጨርሱ ቆሜ ጠበቅኩ።

ወደ ቤት ስንገባ የአቶ ደሴ ሚስት ወይዘሮ ላቀች ትኩስ ድንች፣ አዋዜ፣ ዳቦና በገበቴ ማር አቀረቡ። ሆዴ ከዳንግላ ጀምሮ የያዘው የአንድ እፍኝ ቆሎና ሻይ ብቻ ነው። ዓይኔ ገበቴው ላይ ቀረ። አባ ገስግስ ግን ጭራቸውን ከፍ አደረጉ።

"እግዜር ይስጥልን። በመጀመሪያ ወደመጣንበት ጉዳይ።"

"የማን ልጅ ነዎት?" አሉ ወይዘሮ ላቀች ድንገት፣ ሲያዩዋቸው ቆይተው።

አባ ገስግስ አባታቸውን ጠሩ፣ አያታቸውን ጠሩ። ወይዘሮ ላቀች በአገውኛ አንድ ነገር ጮኹ። እሳቸውም መልሰው ጮኹ። የእሳቸው እናትና የወይዘሮ ላቀች አያት የአንድ እናት ልጆች ሆነው ተገኙ። ተቃቀፉ፣ ጉልበት ተሳሳሙ፣ ወይዘሮ ላቀች ዓይናቸውን አበሱ። ከዚያም ማር የተቀባ ዳቦ በእጃቸው ይዘው "አጎቴ፣ በሞቴ" አሉ።

አባ ገስግስ ወደ እኔ ዞር ብለው አዩኝ። የሥጋ ዘመድ በሞቴ እያለ አፍ አይዘጋ። ጎረሱ። እኔማ ማን ይለምነኝ ብዬ ነው፣ ድንቹን በአዋዜ እያጠቀስኩ አጣደፍኩት። ሰው መሆኔን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው፣ ሕግ የጣስን መሆናችንን ያወቅኩት ግን ኋላ ነው።

ከበላን ከጠጣን በኋላ አቶ ደሴ ፎርኬላውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ አመጣ። ደማቅ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። የተሰበረውን የእኔን ከጆንያ አውጥቼ የሁለቱን ፎርኬላ አንገት በሜትር ለካሁ፣ እኩል ነው። ጥርሱ ሙሉ ነው። ከአንገቱ መካከል ክር አውርጄ ወደ ሁለቱ እግሮች ጫፍ ብወጥረው ግራና ቀኙ አልተዛነፈም። በመቀሴ እጀታ እግሮቹን መታ መታ ባደርግ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጡኝ። ልቤ ደስ አላት።

"ከበሬ ጋር ተጋጭቶ ነበር" አለ አቶ ደሴ በኩራት፣ "እኔ ራሴ በመዶሻ አቃናሁት። እስቲ ይመስላል?"

አይመስልም። ደስታዬ ግን እዚያው ላይ በረደ። ከኪሴ ባዘቶ ጥጥ አወጣሁ። ብረት ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለ ዓይን ያታልላል፣ ጣትም ያታልላል፣ ጥጥ ግን ይያዛል። ጥጡን በእግሮቹ ላይ አሳለፍኩ፣ ለስላሳ ነው። በትከሻው ዙሪያ ሳሳልፈው ቀኝ ብብቱ ሥር ሲደርስ አንዲት የጥጥ ክር ተጠልፋ ቀረች። ነቀልኩና መልሼ አሳለፍኩ። እዚያው ቦታ ቀረች።

አባ ገስግስ አይተዋል። እኔም ማየታቸውን አይቻለሁ። ሁለታችንም አፋችን ማር ማር ይላል።

"እንዴት ነው?" አለ አቶ ደሴ።

ምን ልበል? ያጎረሰኝን ሰው፣ ሚስቱ ጉልበት የሳሙልንን ሰው፣ ዕቃህ ስንጥቅ ነው ልበለው? "ቀለሙ ጥሩ ነው" አልኩ።

"ያምራል" አሉ አባ ገስግስ። ጆሮዬን አላመንኩም። በዕድሜያቸው ሙሉ በገበያ ላይ ያላወጧት ቃል ወጣች።

አቶ ደሴ ጠላ ጨመረልን። ጠጣን። ይህን ብረት ገዝቼ ዳንግላ ባደርስ ልጄን አልጭንበትም። ባልገዛው ልጄ ከቤት ትቀመጣለች፣ ከዚህ ሌላ ፎርኬላ የት እንደማገኝም አላውቅም። እንከኑን ብናገር ደግሞ አማቴን ዛሬ ባገኟቸው ዘመዳቸው ፊት አዋርዳለሁ።

አፍ የከፈቱት አባ ገስግስ ናቸው። ስለ ፎርኬላው አንዲት ቃል አልተናገሩም። ወደ ወይዘሮ ላቀች ዞረው፣ እኔም እንድሰማ በአማርኛ፣ የልጅ ልጃቸውን ወሬ አነሡ።

"ጥሩዬ የምትባል አለችኝ። ያንችም የእህት ልጅ ናት እንግዲህ። ፊደሉን ዘልቃ ዳዊት ልትጀምር ምንም አልቀራት። በአባቷ ብስክሌት ላይ ከፊቱ ነው የምትቀመጠው። ባለፈው ፊተኛው እግሩ ተሰብሮ አገጯ ተከፈለ። ይህን ያህል" አሉና በጣታቸው የራሳቸውን አገጭ አሳዩ።

ሌላ አልጨመሩም። አቶ ደሴ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ከእጄ ጥጡን ወሰደ፣ ፎርኬላውን ወደ በሩ ብርሃን ይዞ ወጣ። ጥጡን ሲያሳልፍ ከውስጥ እናየዋለን። ቀጥሎ ቢላዋ አወጣና ቀለሙን ፋቀ። ቆይቶ ተመለሰ፣ ፊቱ ከቀለሙ ይልቅ ቀልቶ ነበር።

"ይህስ ለዘመድ አይሆንም" አለ።

"ለባዳስ ልትሸጠው ነበር?" አሉ ሚስቱ።

"አላየሁትም! እመብርሃንን አላየሁትም!" አለ። እኔ አምኜዋለሁ። ወይዘሮ ላቀች ግን እንዳመኑት እርግጠኛ አይደለሁም፣ ምክንያቱም ቀጥለው በጣታቸው ወደ ውጭ ጠቆሙ። "ያንተስ? ያ ዶሮ የሚያድርበት ብስክሌት።"

ከቤቱ ጣራ ሥር አንድ ሙሉ ብስክሌት ቆሟል። መሪው ላይ ሽንኩርት ተንጠልጥሏል፣ ኮርቻው ላይ አንዲት ዶሮ ተቀምጣለች። አቶ ደሴ በመንገድ ሥራ ዘመኑ የጋለበው ነው፣ ከተወው ቆይቷል፣ ግን እንደ ዓይኑ ብሌን ያየዋል። ዶሮዋን ሲያባርር፣ ሽንኩርቱን ሲያወርድ እጁ ይዘገይ ነበር። እኔም መለኪያዬን ጀመርኩ። አንገቱ ልክ ነው፣ ክሩ አልተዛነፈም። ቀለሙ የድሮው ራሱ ነው፣ የተፋፋቀ፣ ግን ከኋላ ያልተሸበሸበ። ጥጡ ዞሮ ዞሮ አንዲት የጥጥ ክር ሳያስቀር መጣ። ከዘመድ ጋር ብላ ጠጣ እንጂ አትነግድ ይባላል፣ ስለዚህ ዋጋውን ወይዘሮ ላቀች ቆረጡ፣ እኛ ወንዶች አፋችንን ዘጋን።

መፍቻ ስናነሣ አባ ገስግስ "ቆዩ" አሉ። "ሳይፈታ ልቀመጥበት።"

"ምን ላይ?"

"ፈረስ በቃል አይገዛም። ይነፋ ጎማው።"

ጎማው ተነፋ፣ ተአምር ነው፣ አየሩን ያዘ። ከኋላ ያለውን የዕቃ መጫኛ ጠርጌ "እዚህ ይቀመጡ" አልኳቸው።

"ጥሩዬ የምትቀመጠው የት ነው?"

"ከፊት፣ አግዳሚው ብረት ላይ።"

"እንግዲያማ ከፊት።"

አንባቢ ሆይ፣ ከእኔ በራስ የሚበልጡትን አማቴን፣ በርኖሳቸውን ሰብስበው፣ እግራቸውን አንጠልጥለው፣ በሁለት ክንዶቼ መካከል አስቀምጬ ከአቶ ደሴ በር እስከ ዋናው መንገድ የሚደርሰውን የድንጋይ ቁልቁለት ወረድኩ። የበርኖሱ ጥግ ዓይኔን ሸፈነው። ድንጋዩ ከሥር ሲደበድበን ፎርኬላው አንዴም አላቃሰተ። አባ ገስግስ ግን ይፎክራሉ፦ "አባ ገስግስ! የገደል ወፍ! ዞር በል ከመንገዴ!" በጎች ተበተኑ። አንዲት ውኃ የቀዳች ሴት እንስራዋን እንደተሸከመች ቆማ አማተበች። እኔ የማየው ማጅራታቸውን ብቻ ነው።

ታች ደርሰን ስናቆም ሳይወርዱ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ መሬት ረገጡ፣ በርኖሳቸውን አራገፉ፣ ፎርኬላውን ትከሻው ላይ ቸብ ቸብ አደረጉት።

"ይሄኛው እግር አለው" አሉ።

ዳንግላ፣ በማግስቱና ከዚያ ወዲያ

ፎርኬላውን ፈትተን አቶ ደሴ ቤት አደርን፣ በማግስቱ መኪና ላይ አባ ገስግስ ወሬውን ለተሳፋሪው ሁሉ አወሩ። አዲስ ቅዳም ስንደርስ ቁልቁለቱ እጥፍ ሆኗል። ዳንግላ ስንገባ ገደል ነው። በዚያ ሁሉ ውስጥ "ልቤ ድንግጥ አላለም" የምትለው ቃል አልቀረችም። ባለቤቴ ሰማች፣ ጎረቤት ሰማ፣ ጥሩዬም ከበሩ ኋላ ሆና ሰማች። እኔ ያን ቀን ፎርኬላውን ገጥሜ፣ ኩሽኔታውን ቅባት አጥግቤ አደርኩ።

በነጋታው ደብተሯን አሰናድቼ፣ ጨርቁን አንጥፌ ጥሩዬን ጠራኋት። አልመጣም አለች። ከምሰሶው ጋር ተጣብቃ "ይሰበራል" አለች። ስለ ክሩ ነገርኳት፣ ስለ ጥጡ ነገርኳት፣ ጥርት ብሎ እንደሚጮህም መታ መታ አድርጌ አሰማኋት። አገጯን በመዳፏ ሸፈነች። ለካ እኔም አማቴም ስንከራከር የከረምነው ስለ ብረቱ ነው፣ ከእሷ ጋር ማንም አልተነጋገረም። ማስገደድም አልቻልኩም።

አባ ገስግስ መጥተው ፊቷ ቁጢጥ አሉ።

"አባባ፣ እውነት ተቀምጠውበታል?" አለቻቸው።

"ተቀምጫለሁ።"

"ከፊት?"

"አንች ከምትቀመጭበት።"

"አልፈሩም?"

ባለቤቴ ቆማለች፣ ጎረቤቶቹ በአጥር ላይ አንገታቸውን አውጥተዋል። ትናንት ማታ የሰሙትን ሁሉ ያስታውሳሉ። አባ ገስግስ ወደ እኔ አላዩም፣ ወደ አጥሩም አላዩም።

"ፈርቼ ነበር" አሉ። "የጮህኩትም ከፍርሃት ነው። ዓይኔን ጨፍኜ እመቤቴን እየጠራሁ ነው የወረድኩት።"

ከአጥሩ ወዲያ ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን ከቁጢጡ አልተነሡም። ጥሩዬ መዳፏን ከአገጯ አወረደች።

"እኔም ልጨፍን?"

"ጨፍኝ። አባትሽ ብቻ እንዳይጨፍን።"

እጇን ሰጠችኝ፣ አነሣኋትና ብረቱ ላይ ተቀመጠች። ቀስ ብዬ ረገጥኩ። አባ ገስግስ ጭራቸውን እንደያዙ ከኋላችን ሶምሶማ እየሮጡ እስከ ቁልቁለቱ አፍ ሸኙን። መውረድ ስንጀምር በትከሻዋ ላይ ጎንበስ ብዬ ፊቷን አየሁት። ሁለቱም ዓይኖቿ ተገልጠዋል።